በቤንዚን ላይ የምትንሳፈፍ ታንኳ

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሞተር ሳይክሉን አቁመናል። እናታችን ለቡናው ከሰል ስታያይዝ፣ «እማዬ፣ ቤንዚን ልንከፍት ነው፤ ምድጃውን ራቅ አድርጊልን» አልኳት።

ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል። «ቤንዚን በዝቶበታል» አለ ወንድሜ። ልክ ነው። ከተማችን ስሟ ባሕር ዳር ቢሆንም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚያ ታች ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየር ያጥረዋል።

የካርቡሬተሩን ሳህን ስንፈታ ተንሳፋፊዋ ታየች። ጣና ላይ እንዳለች የደንገል ታንኳ ናት፦ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ በመርፌዋ መግቢያውን ትዘጋለች፤ ሲጎድል ዝቅ ብላ ትከፍታለች።

ቀጭኗ የአየር ቀዳዳ በአቧራ ተደፍናለች። ወንድሜ በሽቦ ሊወጋት ሲል እጁን ያዝኩት። ሽቦ ቀዳዳዋን ካሰፋት ልኳ አይመለስም። በቤንዚን አጥበን በብስክሌት መንፊያ ነፋናት።

የድብልቁን ብሎን ከመፍታታችን በፊት እስኪነካ ድረስ በቀስታ አጥብቀን ዙሩን ቆጥረን ነበር፤ ስንገጥመውም እዚያው መለስነው። ሞተሩ ሲሞቅ ሩብ ሩብ ዙር እያዞርን ድምፁን አዳመጥን። መንተባተቡን ትቶ፣ ጋዝ ሳንሰጠውም እኩል መታ።

«ሰማኸው?» አልኩት። ፊቱ በራ። ያን ማለዳ ወንድሜ ከጉልበት ይልቅ ጆሮ እንደሚጠግን ተማረ፤ እኔም እሱን በማስተማሬ ደስ አለኝ። እማዬ «ኑ፣ ቡናው ደረሰ!» አለች።