እንቅልፍ ፍለጋ ወደ አርዲቦ



ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶልን ነበር። የእህታችን ልጅ ነው፤ አሥረኛ ክፍልን ጨርሷል። እናቱ በስልክ የነገረችን እንዲህ ነው፦ «ወንድምዓለም፣ ልጁ እንቅልፍ አጥቷል። ሌሊት ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ቀን መጽሐፍ ይዞ ያፈጣል እንጂ አያነብም። እስቲ ወስደህ አየር አስለውጥልኝ።»

የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በአንዱ መስኮት በኩል አውራ ጎዳና አለ፤ በሌላው በኩል ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የሚያስጮህ መጠጥ ቤት። ልጁ ኳስ ይጫወትበት የነበረው ሜዳ ሕንፃ በቅሎበታል።

እኛ የምንኖርባት ደሴም ብትሆን ጸጥታ አይበዛባትም። በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተጨነቀች ከተማ ናት፤ ቦታዋ ጠባብ፣ ባጃጇ ብዙ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ መሐሏ ገብቶ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የመኪና ጎማ በፈነዳ ቁጥር ተማሪዎቻችን በአንድ ጊዜ ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ አይተናል። ስለዚህ እንግዳችን በመጣ በሦስተኛው ቀን ቆሎና ዳቦ ቋጥረን ይዘነው ወጣን።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው ትልቁን ሐይቅ፣ ሎጎን ነው። አርዲቦ ግን ከእርሱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ኮረብታ ከልሎት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ የጥንቱ የትርፍ ውኃው መንገድም ቁልቁል ወደ ሎጎ ነው። የመጨረሻውን ዳገት በእግራችን ወጣን። ልጁ ቆሎውን እየቆረጠመ ከኋላችን ይከተላል፤ አንድም ቃል አይናገርም። አናቱ ላይ ስንደርስ ውኃው በድንገት ከሥራችን ተዘረጋ። ያን ጊዜ «ወላሂ፣ አጎቴ!» አለና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

በሐይቁ ውኃ ውዱእ አድርገን ዙህርን ዳርቻው ላይ ሰገድን። ከዚያ በኋላ ልጁ ጋቢውን አንጥፎ ጥላ ሥር ጋደም አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኛም አጠገቡ ተቀምጠን ያነበብነውን እናሰላስል ጀመር።

ሮጀር ኡልሪች የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት አለ። በፔንሲልቫኒያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አገላብጧል። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ነው። ዛፍ ያዩት አንድ ቀን ለመሙላት ጥቂት በጎደለው ጊዜ ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ከባድ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነበር። የእኛ መማሪያ ክፍል መስኮት የሚያሳየው የጎረቤቱን ቆርቆሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፣ ሰዓት እያጣደፉ ሒሳብ አሠሯቸው፤ ውጤታችሁ ደካማ ነው እያሉም ወቀሷቸው። ሥጋትን የሚያስተናግደው፣ የለውዝ ፍሬ የሚመስለው የአንጎል ክፍል ከገጠር ነዋሪው ይልቅ በትልቅ ከተማ ነዋሪው ላይ በብርቱ ሲነቃ ታየ። (ሒሳብ እየሰጡ መውቀስ የእኛ የመምህራን የዘወትር ሥራ ስለሆነ ይህን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።)

ነገሩ ለቀደምት ሙስሊሞችም አዲስ አልነበረም። ዳግማዊ ሱልጣን ባየዚድ እ.ኤ.አ. በ1488 በኤዲርኔ ባስጨረሰው ሐኪም ቤት የአእምሮ ሕሙማን በሚፈስ ውኃ ድምፅና በዜማ ይታከሙ እንደነበር ኤውሊያ ቸለቢ የተባለው ተጓዥ ጽፎ አቆይቷል።

«ታዲያ መድኃኒቱ ይኸው፤ ከተማው አመመው፣ ውኃው አዳነው» ልንል ስንቃጣ አንዲት እናት ማገዶ ተሸክመው መጡ። ሰላምታው ወሎ ነውና አላለቀም፤ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቅን። «እንዴት ያለ ሰላም ያለበት አገር ነው፣ እማዬ!» አልናቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሐይቁስ ያው ነው» አሉ። «ልጄ ዐረብ አገር ከሄደ ሦስት ዓመቱ፤ ድምፁን ከሰማሁ ሰባት ወር። ሌሊት ሌሊት ይኸን ውኃ እያየሁ ነው የማነጋው።»

የምንመልሰው ጠፋን። ያኔ ትዝ ያለን የእነ ዶክተር አታላይ ዓለምና የእነ ዶክተር ደረጀ ከበደ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው በዚህ ሥራ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት የታየባቸው በአዲስ አበባ ከመቶው 11.7፣ በገጠሩ ቡታጅራ አካባቢ ግን ከመቶው 17.4 ነበሩ። በቡታጅራ ይበልጥ የተጨነቁትም ሴቶች፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውና የተፋቱ ናቸው። ይህን ቁጥር ድሮ ስናነብ አላመንነውም ነበር፤ ከተሜ ሆነን ገጠርን የምናስበው እንደ መናፈሻ ነዋ። ለሚጎበኘው ሰው ጸጥታ የሆነው ነገር ለሚጠብቅ ሰው ሌላ ነገር ነው።

ልጁ ለካ ነቅቶ ይሰማ ኖሯል። «እማማ፣ ቁጥሩ አለዎት?» አላቸው። ከመቀነታቸው ፈትተው የካርቶን ቁራጭ ሰጡት። ዳርቻው ላይ ኔትዎርክ ስላልነበረ ዳገቱን ብቻውን እየሮጠ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያለከለከ ተመልሶ፣ «ይጠራል፤ አላነሣም። ግን እናቱ አርዲቦ ዳር እየጠበቁህ ነው ብዬ ጽፌለታለሁ» አላቸው። «አብሽር፣ ልጄ» አሉት እርሳቸው፤ አጽናኝና ተጽናኙ ተለዋወጡ። ወዲያውም የማን ልጅ እንደሆነ፣ አያቱ ማን እንደሚባሉ ይጠይቁት ጀመር። በዚያ በአራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ይህን የጠየቀው ሰው እንደሌለ በኋላ ነገረን።

ልጁ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። መጠጥ ቤቱ አልተዘጋም፤ እናቱ እንደምትለው አንዳንድ ሌሊት ይተኛል፣ አንዳንድ ሌሊት አይተኛም። እኛም ባለቆርቆሮውን መስኮት አልቀየርንም፤ የሒሳብ ፈተና ሲኖር ግን ተማሪዎቻችንን ወደ ግቢው ዛፍ ሥር ማውጣት ጀምረናል።

በመስከረም አንድ ምሽት ስልካችን ጮኸ። «አጎቴ፣ መልስ ጻፈልኝ! ደኅና ነው፤ ስልኩ ጠፍቶበት ነው። ግን እማማ ስልክ የላቸውም፤ ማን ይነግራቸዋል?»

ቅዳሜ ጠዋት ዳግመኛ ወደ ሐይቅ ከተማ ተሳፈርን።