ቡናውን እኛ ብናፈላውስ?

እኛ ዳሪሙ ተወልደን አዲስ አበባ የከተምን ልጆች «ሽምግልና» ሲባል የሚታየን ዛፍ ጥላ ስር የተቀመጡ አባቶች ናቸው። የተኳረፉ ጎረቤታሞችን አንድ ረከቦት ዙሪያ ጠርተው፣ በረካው ሳይደርስ የሚያስታርቁትን እናቶቻችንን ግን ማን «ሽማግሌ» ይላቸዋል?

ነገሩ ከቡናም ያልፋል። በኦሮሞ ባህል፣ በተለይ በአርሲና በጉጂ፣ ልጅ ስትዳር ከእናቷ «ሲንቄ» የተባለ በትር ትቀበላለች። ጠብ ሲነሳ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሃል ይገባሉ፤ ያንን አልፎ መማታት ትልቅ ነውር ነው።

የሚከነክነን እዚህ ላይ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦርነት ለማስቆም ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲደረግ፣ ሁለቱን ወገኖች ወክለው የፈረሙት ሁለቱም ወንዶች ነበሩ። ዱላ ሲመዘዝ መሃል የምትቆም እናት፣ እርቁ ሲጻፍ ለምን ወንበር ታጣለች? እሷ ትቀመጥ፤ ቡናውን ለአንድ ቀን እኛ እናፈላለን።