ገመዱን ማን አየው?

መርጡለ ማርያም ያደግን ልጆች አንድ መዝናኛ ፓርክ ነበረን፤ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረ መጫኛ። ዥዋዥዌ! ትኬት የለው፣ ወረፋ ግን ነበረው (ጸቡም እዚያው ወረፋው ላይ ነበር)። መጫኛውን ከቤት የምናወጣው ጋሼ ሳያዩን ነው። ታዲያ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ ነበረን፤ መጀመሪያ ትልቁ ልጅ ይንጠለጠልበታል። በሁለት እጁ ይዞ ቁልቁል ይስበዋል፣ የላላውን ቋጠሮ ያጠብቃል፣ ቅርንጫፉ «ቋ!» ካለ ጨዋታው ቀረ። ከዚያ ትንንሾቹ በተራ። መውደቅማ ወድቀናል። የወደቅንበትን ገመድ ግን በዓይናችን አይተነዋል።

አዲስ አበባ መጥተን ከትልልቆቹ መጫወቻዎች ጋር ስንተዋወቅ ነገሩ ተገለበጠ። ብረቱ ግዙፍ፣ መብራቱ ብዙ፣ ብሎኑ ደግሞ የማይታይ። መያዣው «ቀጭ» ሲል አመንን፣ አለቀ። ግን እኮ ያ «ቀጭ» ምን ያህል ይታመናል?

በፈረንጆቹ ማርች 2022 አሜሪካ፣ ኦርላንዶ ውስጥ፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ 131 ሜትር ከሚረዝም ማማ ቁልቁል ከሚለቅ መጫወቻ ላይ ወድቆ ሞተ። ማሽኑ አልተሰበረም። መርማሪዎች እንዳገኙት የመቀመጫው ሴንሰር በሰው እጅ ተስተካክሎ ነበር፤ የደረት መያዣው ከሚገባው በላይ ክፍት ሆኖ ሳለ መብራቱ «ደህና ነው» ይላል።

እንግሊዝ፣ አልተን ታወርስ፣ ጁን 2015። ሐዲዱ ላይ ባዶ ባቡር ቆሟል፤ ኮምፒውተሩም ቀጣዩን ባቡር «አትሄድም» ብሎ ይዞታል። ቴክኒሻኖቹ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መስሏቸው በእጅ ለቀቁት። 16 ሰው ይዞ ሄዶ ተላተመ። ሁለት ወጣት ሴቶች አንዳንድ እግራቸውን አጡ። በ2016 ፍርድ ቤት 5 ሚሊዮን ፓውንድ የቀጣው ታዲያ ቴክኒሻኖቹን ሳይሆን ኩባንያውን ነው። እኛ ጋ ቢሆን... «የሰው ስህተት» ተብሎ አንዱ ምስኪን ተቀጣሪ ላይ ይደፈደፍ ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

ሰሞኑን ከጓደኞቻችን ጋር አንድ መጫወቻ ቦታ ወረፋ ይዘን ሰሌዳውን አነበብን። የቁመት ልክ፣ የትኬት ዋጋ፣ «ለጠፋ ንብረት ተጠያቂ አይደለንም»። ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸበት ቀን ግን የለም። ትኬት ቆራጩን ጠየቅነው።

«ወንድም፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የታየው?»

«ኧረ በየቀኑ እየሠራ!» አለን፣ ከት ብሎ ስቆ።

ከወረፋው ወጣን። ከኋላችን የነበሩት ልጆች «ተመስገን» ብለው ቦታችንን ያዙ።