ደረጃ ሰንጠረዥ የሌለው ሊግ

እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች አዲስ አበባ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ ጭቅጭቅ እንጀምራለን። ስለ አርሰናል እንጨቃጨቃለን፤ ስለ ማንቸስተር እንጨቃጨቃለን፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ ደግሞ ከባሕር ዳር ከነማ ደጋፊዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ከብዶናል። (እንቀመጣለን፤ ሂሳቡን የሚከፍሉት ግን እነሱ ናቸው።) ከዚህ ሁሉ ኳስ በላይ ግን የካፌው አስተናጋጅ መጥታ «ምን ሆናችሁ?» እስክትለን የሚያስጮኸን ሌላ ሊግ አለ። ደረጃ ሰንጠረዥ የለውም። ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለውም። ውጤቱ የትም አልተመዘገበም። የውድድር ዘመኑ ቢበዛ ከታኅሣሥ መግቢያ እስከ ጥምቀት ሰሞን ነው። የገና ጨዋታ!

«ፋራዎች» የምትሉን አላችሁ። በሉን፤ እኛ እንቀጥላለን።

ገናን በበዓል ፕሮግራም ብቻ ለምታውቁት ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ። በየዓመቱ ስቱዲዮ ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ነጭ የለበሱ ሁለት ወጣቶች በትር ይዘው ኳሷን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ሲነካኳት ታያላችሁ አይደል? እሱ ገና አይደለም፤ ፎቶ መነሣት ነው። ገና ማለት ሁለት አጥቢያ፣ ወይም ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለ ሰው፣ ወይም ደገኛና ቆለኛ ጫፉ ቆልመም ያለ በትሩን ይዞ አጨዳ ባለቀበት ሜዳ ላይ የሚጋጠመው ነው። ኳሷ እሩር ትባላለች፤ ከጠንካራ እንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጎንጉና ትሠራለች። አንዱ ወገን ወዲያ ይነዳታል፣ ሌላው ወዲህ ይመልሳታል፤ የተቃራኒውን ወሰን ያሳለፈ አገባ። ወሰኑ መረብ ያለው ጎል እንዳይመስላችሁ። ዛፍ ይሆናል፣ ጅረት ይሆናል፣ የሰው ማሳ ድንበር ይሆናል። ስንት ለስንት ይጫወታሉ? የመጣው ሁሉ ነዋ! አሥራ አንድ ብሎ የሚቆጥር የለም።

የውድድር ዘመኑ ዝግጅት የሚጀምረው ሜዳ ላይ ሳይሆን ዛፍ ሥር ነው። ኅዳር ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዓይኑ ከብቱ ላይ አይደለም፤ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ተፈጥሮ ራሷ ያጎበጠችውን ቅርንጫፍ ያገኘ ልጅ እንደ ሎተሪ ዕድለኛ ለማንም ሳይናገር ምልክት አድርጎ ይሄዳል። በማግስቱ ሲመጣ ሌላው ቆርጦት ያገኘዋል። (ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ የማይነጋገሩ ሁለት የአጎት ልጆች አሉን፤ ሁለቱም አሁን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ናቸው።) ያላገኘው ደግሞ እርጥቡን እንጨት እሳት እያሳየ ያጎብጠዋል።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ ልምምዱ በሙሉ በጾም አፍ፣ በሽሮ ጉልበት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ጉና በታኅሣሥ ሌሊት የሚልከው ውርጭ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ያድራል፤ ጠዋት በኮንጎ ጫማ የረገጠው ያውቀዋል። ከዚያ ታኅሣሥ 29 ይመጣል (በዘመነ ዮሐንስ 28 ነው፤ ይቺን ረስቶ ጨዋታው ያመለጠው ከተሜ ዘመድ በየቤቱ አይጠፋም)። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይፈሰካል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ከሰዓት በኋላ ወንድ የተባለ ሁሉ ሜዳ ነው። ከአርባ ቀን በላይ ጾሞ ሥጋ የበላ ሰው ከምሳ በኋላ እንዲሮጥ የሚያዝ አሠልጣኝ እንግሊዝ ውስጥ ቢገኝ በማግስቱ ይባረር ነበር።

ዝውውርም አለ። የእኛ አገር ወጣት መሬቱ ስለማይበቃው መስከረም ላይ ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ አጭዶ መመለስ የኖረበት ነገር ነው። ስለዚህ ከኅዳር ማለቂያ ጀምሮ ቀዬው የሚያወራው አንድ ወሬ ነው፦ እገሌ ገባ? አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሬዲዮ አንጠልጥሎ ከመኪና የወረደውን ጎረምሳ እናቱ ገንዘቡን፣ የሠፈሩ ሰው እግሩን ነው የሚያየው። ወባ ይዞት የመጣ እንደሆነ አለቀ፤ አጥቢያው በሙሉ ሐዘን ይቀመጣል። የጉዳት ዝርዝር የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ በጋዜጣ ሳይሆን ውኃ ሲቀዳ ነው የሚነገረው።

ስለ ጉዳት ካነሣን አይቀር የአያን ቅልጥም ሳናነሣ አናልፍም። አያ የምንለው የአባቶቻችን ታላቅ ወንድም ነው፤ ግራ ቅልጥሙ ላይ የዋንጫ ያህል የሚኮራበት እብጠት አለ። ገና ላይ ተሰብሮ ወጌሻ የጠገነው ነው። «አያ፣ ማን ነው የመታዎ?» ስንለው ሳያመነታ «የእስቴ ሰው!» ይላል። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «የገዛ ወንድሙ ነው፤ እሩሯን ስቶ» ትላለች። ይሄ ክርክር እኛ ሳንወለድ የተጀመረ ነው። ቪዲዮ ተመልሶ የሚያይ ዳኛ ስለሌለ መፍትሔ የለውም፤ ደግሞም መፍትሔ የፈለገ የለም። እብጠቱ የራሱ ወንድም ሥራ ከሆነ አያ ምን ይቀረዋል?

ክርክራችን ካፌ ውስጥ ሲደርስ ይበልጥ ይሰፋል። ጋይንቶች «ነፋስ መውጫ ላይ ያደገ ሳንባ አይደክምም» ይላሉ። ስማዶች «ዓባይና በሽሎ ገደል ወርዶ ለሚወጣ እግር የእናንተ ሜዳ ምንድነው?» ብለው ይስቃሉ። እስቴዎች ብዙ አይናገሩም፤ ይሄ ዝምታቸው ነው የሚያናድደን። እውነቱ ግን ጨዋታው የአጥቢያና የአጥቢያ፣ የጎጥና የጎጥ ነው፤ «የጋይንት ቡድን»፣ «የእስቴ ቡድን» የምንለው እኛው ቦሌ ተቀምጠን ያቋቋምነው ነው። አሰላለፉን በናፕኪን ላይ ጽፈነዋል። ሦስቱ አጥቂዎች ሞተዋል፣ በረኛው (በረኛ ባይኖርም) ካናዳ ነው።

ይሄን ጨዋታ ከሌላው ሁሉ የሚለየው ግን አንዲት ሕግ ናት። ገና ላይ የተመታ አይቆጣም። ጌታም ቢሆን አይቆጣም። ቀልድ አይደለም፤ ድሮ ገባርና ባለርስት፣ አሽከርና ጌታ አንድ ሜዳ ይወርዱ ነበር፤ አዲስ አበባ ጃንሆይ ሜዳም ላይ መኳንንቱ በንጉሡ ፊት ከተራው ሰው ጋር ተጋጥመዋል። ዓመቱን ሙሉ ግብር የሚሰፍርለትን ጌታ ባላገሩ የዚያን ዕለት ቅልጥሙን ሊለው ይችላል፤ ሲያሸንፍም በግጥም ሊሰድበው ይችላል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። (መመለሱ ነው ችግሩ የሚሉ ወዳጆች አሉን፤ ልክ ናቸው፤ ግን የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።) ሕጓ ለእኛ የምታስገርመን በሌላ በኩል ነው። ሁለት መቶ ሰው ዱላ ይዞ፣ ጠላ ጠጥቶ፣ የድንበርና የግጦሽ ቂም እያለበት አንድ ሜዳ ላይ ይገባል፤ ማታ ግን እርስ በርስ ተደጋግፎ እያነከሰ ወደ ጠላው ይመለሳል። ይህን የሚያስከብር ፖሊስ የለም። የሚያስከብረው ነገ ወፍጮ ቤት፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ላይ መገናኘቱ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የአየርላንዶችን ሃርሊንግ ያየን ቀን ስልኩን ልንበላው ደረስን። ቆልማማ በትር፣ ትንሽ ጠንካራ ኳስ፣ ሠፈር ለሠፈር! «ይሄማ ገና ነው!» አለች አንዷ ከመካከላችን። እነሱ ግን በ1884 (እ.ኤ.አ.) ተርለስ በምትባል ከተማ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ የአጥቢያው ቡድን ወደ አውራጃ፣ አውራጃው ወደ አገር አቀፍ ሻምፒዮና ያድጋል፤ ፍጻሜው ዱብሊን ውስጥ ከ82 ሺህ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ይደረጋል። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፤ አናጢም መምህርም ናቸው። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁሉም የራስ ቁር የማድረግ ግዴታ አለባቸው። በ2018 ዩኔስኮ መዝግቦላቸዋል። ከሁሉ በላይ የቀናነው ግን በመዝገባቸው ነው። አያቶቻቸው ማን ማንን በስንት እንዳሸነፈ ጽፈውታል። የእኛ ያለው አያ ቅልጥም ላይ ነው።

እኛም ጋ ጭራሽ ምንም የለም ማለት አይደለም። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር ደንብ አውጥቶለት ክልሎች በየዓመቱ ይወዳደሩበታል። ጥሩ ነው። ግን ተጫዋቹ ተቆጥሮ፣ መስመር ተሰምሮ፣ ፊሽካ ተነፍቶ ሲጫወቱት ስናይ ልጅነቱን የማናውቀው የተከበረ ዘመድ ያየን ይመስለናል።

ሌላም ያስቀናን ነገር አለ፤ ይሄን የምንለው እኛ ሴቶቹ ነን። የአየርላንድ ሴቶች ካሞጊ የሚባል የራሳቸውን ሃርሊንግ በ1904 (እ.ኤ.አ.) በማኅበር አደራጅተዋል። እኛ ከብት ስንጠብቅ ከወንዶቹ እኩል እንመታ ነበር፤ ያውም አንዳንዶቻችን እንበልጥ ነበር። ከዚያ አንድ ታኅሣሥ ላይ በትሩን ከእጃችን ተቀብለው ማንቆርቆሪያ ሰጡን። ከዚያ ወዲያ ድርሻችን ሜዳው ዳር ቆሞ እልል ማለት ሆነ። ክርክሩ ላይ ግን አንበለጥም፤ ዳር የቆመ የተሻለ ያያል።

የማይቆጣ ባላጋራ ስንል የምናወዳድረው ከአየርላንድ ጋር ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙ ጨዋታው በገለልተኛ ሜዳ ይሁን እስከመባል የተደረሰበትን ጊዜ እናስታውሳለን። በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ ፋሲልን ለጥቂት ቀድሞ ዋንጫውን ሲወስድ የተባባልነውን ፌስቡክ እስከ ዛሬ ያስታውሰናል፤ አንዳንዱን አጥፍተነዋል። ወፍጮ ቤት ከማንገናኘው ሰው ጋር ነበርና ጨዋታው፣ ያለ መቆጣት ሕጓ አብራን አልመጣችም። ሁለት ዓመት አልፎ ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ። ስለዚያ ወር እዚህ አንጽፍም፤ የሆነባቸው ሰዎች አሉ።

ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ መጣ። መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል። የሞባይል ኢንተርኔቱ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ስለነበር የ2016ቱ ገና ውጤት ለእኛ የደረሰን ዘግይቶ፣ በቁራጭ በቁራጭ የስልክ ወሬ ነው። ድሮ ስልኩ እንደተነሣ «ማን አገባ?» ብለን እንጮህ ነበር። አሁን መጀመሪያ «ሁላችሁም አላችሁ?» እንላለን። አንድ በአንድ ስም እንጠራለን። ልጁስ? መኪናው መጣ? ከብቶቹስ? ካርዱ ሊያልቅ ሲል ነው ወደ ገና የምንደርሰው፤ አንዳንዴም ሳንደርስ ይቋረጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጨዋታ መጠየቅ የሚያሳፍር የመሰለን ወቅት ነበር። ያሳፈረን እኛን ብቻ ነው ለካ! ከዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ጥያቄውን ሲሰማ ድምፁ ይለወጣል። ሁለት ዓመት ያልሰማነውን ሳቅ የሰማነው በዚህ ነው።

አንዱ ገና ላይ ከአያ ቀዬ የደረሰን ወሬ እነሆ። ተጫውተዋል። ሜዳው ግን ሳስቶ ነበር፤ ጎረምሶቹ ግማሹ የሉም፤ የት እንዳሉ በስልክ አይጠየቅም። ስለዚህ በአንድ ወገን ሽማግሌዎች፣ በሌላው ወገን እረኞች ተሰለፉ። ልጃገረዶችም ቁጥር ለመሙላት ገቡ አሉን። (ደግመን አስነገርናቸው፤ አዎ ገቡ።) ያሸነፉት እረኞቹ ናቸው፤ ያገባችውም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት።

አያ አይቆጠርም ይላል። ሰው ያልሞላበት ጨዋታ ነው፣ ደግሞ ወሰኑ ከድሮው ቀርቦ ነበር፣ ደግሞ እሱ ጉልበቱን አሞት ተቀምጦ ነበር። እኛ ይቆጠራል እንላለን። ሦስት እሑድ ሙሉ ተጨቃጭቀንበታል፤ የጋይንቶቹ ግማሽ ከአያ ጋር ሆነዋል፣ እስቴዎቹ እንደልማዳቸው ዝም ብለዋል። ሚስቱ ግን ስልኩን ከእጁ ወስዳ «እኔ ጅረቱ ዳር ቆሜ ነበር፤ እሩሯ ውኃውን ተሻግራለች» ብላናለች።