ጋፋት፦ መድፍ የተሠራበት ኮረብታ መናፈሻ ቢሆን

ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር ለመሄድ መጀመሪያ ሐሙሲት መውጣት፣ ከዚያም የጎንደርን አስፋልት ይዞ ወረታ መድረስ ያስፈልጋል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ የፎገራ የሩዝ ማሳ ከኋላ ይቀራል። መኪናው ዳገቱን ተያይዞ የዓለም ሳጋን ደን ሲያልፍ ገብስና ድንቹ ይመጣል፤ ብርዱም ጋቢ ያስናፍቃል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ ደብረ ታቦር ትቀበልዎታለች፤ ከበስተጀርባዋም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ይታያል።

እንግዳ ሲመጣ ብዙዎቻችን ደብረ ታቦር ኢየሱስን እናሳልማለን፣ ከተማዋን እናዞራለን፣ ቡና እናጠጣለን፣ እንሸኛለን። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ጋፋትን ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እንኳ በጋፋት ተሰይሟል። እኔ የምሠራው በገበያ ጥናት ክፍል ነው፤ በእኛ ሙያ ስሙ ይህን ያህል የታወቀ፣ ጎብኚው ግን እንዲህ ያነሰ ቦታ ሲገኝ ያሳዝናል።

ጋፋት በ1850ዎቹ የዐፄ ቴዎድሮስ የኢንዱስትሪ መንደር ነበር። በባዝል አቅራቢያ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ እንደ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ዛልሙለር ያሉት፣ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እዚህ ይኖሩና ይሠሩ ነበር። መድፍ ሥሩ ሲባሉ ሙያችን አይደለም ቢሉም ንጉሡ የሚመለሱ አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ተሞክሮ ተሞክሮ ግን ተሳካ። በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ሲወጡ፣ ሠራዊቱ መንገድ እየቆፈረ ያንን ብረት ለወራት ጎትቶ መቅደላ አደረሰው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉ ለተወለደበት ኮረብታ የቀረው ስሙ ነው።

ጋፋት የሕዝብ መናፈሻ ይሁን የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከእንጦጦና ከወዳጅነት ፓርክ ወዲህ ቤተሰብ ይዞ ወጥቶ መዝናናት የብዙዎቻችን ልማድ ሆኗል፤ ለደቡብ ጎንደር ልጅም ይገባዋል። የምፈራው ግን ኮረብታው ተደልድሎ ሣር፣ ፏፏቴና ካፌ ብቻ እንዳይሆን ነው። ፏፏቴ የትም ይሠራል። ጋፋትን ጋፋት ያደረገው እሳቱና ሥራው ነው።

ጀርመኖች በዱይስቡርግ ያደረጉት ጥሩ ትምህርት ይሆነናል። በ1985 እ.ኤ.አ. የተዘጋውን የብረት ፋብሪካ አላፈረሱትም። ምድጃዎቹን እንደቆሙ ትተው በ1994 መናፈሻ አድርገው ከፈቱት። ዛሬ በጋዝ ማጠራቀሚያው ውስጥ ውኃ ሞልተው ሰው ጠልቆ ይዋኝበታል፤ በድሮው የማዕድን ማከማቻ ግድግዳ ላይ ተራራ መውጣት ይለማመዱበታል። ጋፋት ላይ እንደዚያ የቆመ ግዙፍ ምድጃ የለም። ስለዚህ እኛ ማቆየት የምንችለው ሥራውን ራሱን ነው፦ ወናፍ የሚነፋበት፣ ማረሻና ማጭድ በሕዝብ ፊት የሚቀጠቀጥበት፣ ልጆችም ቀረብ ብለው የሚጠይቁበት አንድ የቀጥቃጭ ቤት።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብድ ነገር አለ። በሴባስቶፖል የምንኮራው እኛው፣ ብረት ቀጥቃጩን ጎረቤታችንን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችንና ከጋብቻችን ስናርቀው ኖረናል። በማረሻው አርሰን እንበላለን፣ እጁን ግን እንሸሻለን። ጋፋት ላይ ቀጥቃጩ በክብር ቆሞ ሙያውን ሲያስረዳ ያየ ልጅ ያንን ስድብ ይዞ አያድግም ብዬ አምናለሁ። መናፈሻው ሌላ ምንም ባያስገኝ ይህ ብቻ ይበቃዋል።

ሌላው የአካባቢው ገበሬ ጉዳይ ነው። በኮረብታው ዙሪያ የሚያርሰውና ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሚያይ ከሆነ መናፈሻው የሱ አይሆንም። አስጎብኚነቱ፣ የማሩና የድንቹ ሽያጭ፣ የችግኙ ሥራ መጀመሪያ ለእሱና ለልጆቹ ይድረስ።

ለመሄድ ካሰቡ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ ዝናቡ ያቆማል፣ መስኩም አደይ ለብሶ ይቆያል። ሹራብ፣ ጠንካራ ጫማና ውኃ ይያዙ። ልጆችዎን ካስከተሉ መንገድ ላይ የመድፉን ታሪክ ያውሯቸው፤ ኮረብታው ላይ ሲደርሱም ያን ሁሉ ብረት ማን እንዳቀለጠው፣ ማን እንደጎተተው ይጠይቋቸው።