ጥፋቱ የማን ነበር?

የባለቤቴን ስብከቶች ከቅጂ እየሰማሁ በጽሑፍ የማሰፍረው እኔ ነኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጆሮ የሚሸፍነውን ትልቁን ሄድፎን አድርጌ እቀመጣለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ግን የባለቤቴ ድምፅ ወፈር ባለ ቁጥር በግራ በኩል «ዝዝዝ» የሚል ጩኸት ይረብሸኝ ጀመር።

ማን እንዳበላሸው ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀብኝም። ባለቤቴ መዝሙር ሲሰማ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። «ስንት ጊዜ ነገርኩህ? ይኸው አበላሸኸው!» አልኩት። «እኔ እኮ ከነካሁት ቆየሁ» አለኝ። አላመንኩትም። ሁለት ቀን ሙሉ በቤታችን «እራት ቀርቧል» ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረም። እኅቶችን ስለ ትዳር የማስተምር ሴት መሆኔን ልብ በሉልኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሄድፎኑን በቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ለሚቆጣጠረው ወጣት አሳየሁት። «እትዬ፣ ከመጣላችን በፊት ችግሩ የት እንዳለ እንፈልግ» አለኝ።

በመጀመሪያ ከሌላ ስልክ ጋር አገናኘው። ጩኸቱ አልጠፋም፤ ስለዚህ ችግሩ የቅጂው ወይም የኮምፒውተሩ አልነበረም። ቀጥሎ ግራና ቀኙን ገልብጬ እንዳደርገው ነገረኝ። ጩኸቱ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ዞረ፤ ጆሮዬ ነፃ ወጣ። ገመዱን መሰኪያው አጠገብ ነቅነቅ አደረገው። ሽቦው ላልቶ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ አልተቆራረጠም። ድምፁን ቀነሰው፤ ቤዝ የሚያጎላውንም ማስተካከያ አጠፋ። ከአቅሙ በላይ ተለቅቆ ቢሆን ኖሮ በዚህ ይጠራ ነበር። ጩኸቱ ግን ቀለል አለ እንጂ አልቆመም።

በመጨረሻ ሄድፎኑን ነቅሎ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ትራስ አወለቀና በባትሪ ተመለከተው። ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ስፒከር ነው፤ ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦና በጣም ስስ የሆነ ሽፋን አለው። ድምፅ የሚወጣው ሽፋኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲርገበገብ ነው፤ ድምፁ ወፍራም ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል። እዚያ ሽፋን ላይ አንዲት ፀጉር ተጋድማለች! «ዝዝዝ» የምትለው ሽፋኑ እየመታት ነበር። ሽፋኑን ሳይነካ በወረንጦ ቀስ አድርጎ አወጣት። «ሁለተኛ ቢያጋጥምዎት በመርፌ አይጎርጉሩት፤ በአፍዎም አይንፉበት። ሽፋኑ ከተቀደደ ድራይቨሩን መለወጥ ነው» አለኝ።

ፀጉሯ ረጅም ነበረች። ባለቤቴ ደግሞ ራሰ በራ ነው።

ያን ማታ ፀጉሯን በወረቀት ጠቅልዬ ፊቱ አስቀመጥኩና «ጥፋተኛዋ ተገኘች» አልኩት። አይቶ ሳቀ፤ እኔ ግን ዕንባዬ መጣ። ይቅርታም ጠየቅሁት። ወጣቱ ለአንድ ዕቃ እንኳ ደጋግሞ ሳይመረምር አልፈረደም። እኔ ግን ስንት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው አንድ ጥያቄ እንኳ በቅጡ ሳልጠይቀው ፈረድኩበት። አሁን ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ «ማን ነው?» ከማለቴ በፊት «የት ነው?» ብዬ መጠየቅን እየተማርኩ ነው።