ለቤቴ ኮምፒውተር ያደረግሁት ምርጫ

ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ከሱቅ መግዛትና ክፍሎቹን አንድ በአንድ መርጦ ማስገጣጠም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያለቀለትን ዕቃ የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ይወስናል፤ የሚያስገጣጥም ግን ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ መወሰን አለበት፤ ያውም የፊተኛው ውሳኔ የኋለኛውን እያሰረበት ነው። በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በእንጅባራ ከተማ በመኖሪያ ቤቴ የማስቀምጠውን ኮምፒውተር ለማስገጣጠም በተነሣሁ ጊዜ የገጠመኝ ይኸው ነው።

ለብዙ ዓመታት በመምህርነት ካገለገልሁ በኋላ የተሰማራሁት በመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ሥራ ነው። የምጽፈው በአብዛኛው የአማርኛ ሰዋስው መልመጃ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ለአውኚ ቋንቋ ትምህርት የሚሆኑ ምንባቦችንም አዘጋጃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና የኮምፒውተሩን ፓወር ሰፕላይ አቃጠለው። ጉዳቱ በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሃርድ ዲስኩም አብሮ ተበላሸና የሦስት ወር መልመጃ ከነመልሱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮምፒውተር ሲወራ ሌላው ሰው አስቀድሞ ስለ ፍጥነቱ ሲጠይቅ፣ እኔ ስለ መብራቱ እጠይቃለሁ።

ገንዘቡ የተገኘው ከዛፍ ነው። ከአባቴ በደረሰኝ ቁራሽ መሬት ላይ የተከልሁት ዲከረንስ ደርሶ ለከሰል ተሸጠ። ባለቤቴ ግን በዚሁ ገንዘብ የወጥ ቤቱን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ለማስመታት አስባ ኖሯል። «ዘንድሮ ካልተመታ የሚመጣው ክረምት ምድጃዬን ያጠፋዋል» አለችኝ፤ የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ግነት አይለውም። በመጨረሻም ግማሹ ለጣሪያው ተለይቶ፣ ኮምፒውተሩ በቀሪው ግማሽ እንዲያልቅ ተስማማን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በአንድ ዓመት ውስጥ ከዶላር አንጻር ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በላይ ስላጣ፣ ከውጭ የሚገባው የኮምፒውተር ዕቃም አብሮ ንሮ ነበር። ስለዚህ የምንመርጠው እያንዳንዱ ክፍል «ይህ ስንት ቆርቆሮ ይሆን ነበር?» እየተባለ ይመዘን ጀመር።

ልጄ በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ትከታተላለች። «አባዬ፣ ለምን ላፕቶፕ አንገዛም? ባትሪው እኮ ከራሱ ጋር ነው» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ሆኖም በብዙዎቹ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞት ይቀራል። በተገጣጠመው ኮምፒውተር ግን የተበላሸውን ክፍል ብቻ ነቅሎ ሌላ መትከል ይቻላል። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው በርካሽ የሚሸጡት አሮጌ ኮምፒውተሮችም አጓጉተውን ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የኢንቴል ፕሮሰሰራቸው ከ8ኛው ትውልድ በፊት የሆነው በሠሪው ድርጅት መመሪያ መሠረት ለዊንዶውስ 11 ብቁ አይደሉም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በዚያው በጥቅምት ወር በ4ኛው ቀን አበቃ። ስለሆነም ተውናቸው።

ምርጫችንን የጀመርነው ብዙ ሰው ከሚጨርስበት፣ ይኸውም ከፓወር ሰፕላዩ ነው። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው ይባላል፤ ነገር ግን 220 ስሙ እንጂ ሁልጊዜ ግብሩ አይደለም። ማታ ሁሉም ሰው ምድጃውንና ምጣዱን ሲሰካ ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ለአፍታ ከልኩ ያልፋል። ፓወር ሰፕላይ ይህን ኮረንቲ ተቀብሎ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ወደሆነ ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚለውጥ ክፍል ነው። ማዘርቦርዱም፣ ፕሮሰሰሩም፣ ዲስኩም የሚመገቡት ከእርሱ እጅ ስለሆነ፣ እርሱ ሲታመም ሁሉም ይታመማሉ።

በርካሽ ከሚሸጡት መካከል በስተኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ያለባቸው አሉ። ማዞሪያው 115 ላይ እንዳለ ከእኛ ሶኬት ጋር የተገናኘ ፓወር ሰፕላይ አንድ ጊዜ ጮኾ ያበቃለታል። የተሻሉት ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ያለ ማዞሪያ ይቀበላሉ፤ ቮልት ዝቅ በሚልበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 80 ፕላስ የሚባል ምልክትም አለ፤ ትርጉሙ ከግድግዳው ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ 80 ከመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል ማለት ነው። በእጅ አንሥቶ መመዘንም አይከፋም፤ 500 ዋት ተብሎ ተጽፎበት እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል ከሆነ ጽሑፉን መጠራጠር ይገባል። እኛ ምልክቱ ያለበትን ባለ 450 ዋት መረጥን።

ከእርሱ ጋር ዩፒኤስ ገዛን። በሳጥኑ ላይ 650 ቮልት-አምፒር የሚል አለበት፤ ይህ ግን 650 ዋት ማለት አይደለም። ዋናው ቁም ነገር በውስጡ ያለው ባትሪ ነው፤ እርሱም 12 ቮልትና 7 አምፒር-ሰዓት ሲሆን፣ 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ አንድ ላይ 80 ዋት ያህል ቢወስዱ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያሠራ ይመስላል። ነገር ግን ባትሪ በፍጥነት ሲሟጠጥ አቅሙን በሙሉ አይሰጥም፤ ኮረንቲውን በመለወጥም የሚባክን አለ። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ከሰጠኝ ይበቃኛል ብዬ አሰላሁ። ሩብ ሰዓት የተጀመረውን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ፣ ጽሑፉን ለማስቀመጥና ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት በቂ ነው፤ እንደ እኔ ዓረፍተ ነገር ለሚያስረዝም ሰውም ቢሆን።

የቀሩትን ክፍሎች የሚገዛልን በአዲስ አበባ የሚኖር የወንድሜ ልጅ ነበር። ከአዲስ አበባ እንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ በየጊዜው የሚዘጋበት ወቅት ስለነበረ፣ የማይገጥም ዕቃ ቢመጣ መልሶ መለወጥ ቀላል አልነበረም። እንግዲህ አስቀድሞ ስለ ስምምነት ማሰብ ግድ ሆነ። ሰዋስው ያስተማረ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳል። «ልጆቹ መጣ» ብንል እያንዳንዱ ቃል ለየብቻው እንከን የለበትም፤ ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ በቁጥር ስላልተስማሙ ግን ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ነው። ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድም እንደዚሁ ናቸው። ኤልጂኤ 1700 የሚባለው መሰኪያ 1700 የመገናኛ ነጥቦች ሲኖሩት፣ የኢንቴልን 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ይቀበላል፤ 11ኛውን ግን አይቀበልም። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ዓይነቶችም ርዝመታቸው እኩል ሆኖ ሳለ በግርጌያቸው ያለው ቅርጽ ቦታው ስለሚለያይ፣ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። የወንድሜ ልጅ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ከነቁጥሩ በስልክ እያነበበልን፣ ልጄ ከጻፈችው ዝርዝር ጋር እናመሳክር ነበር።

ስለ ፕሮሰሰሩ ከልጄ ጋር ሁለት ምሽት ተከራክረናል። እርሷ ስድስት ኮር ያለውን ኮር አይ5-12400 ፈለገች፤ እኔ ባለ አራት ኮሩን ኮር አይ3-12100 መረጥሁ። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ዩፒኤሱን ለማስገዛት ይቃረብ ነበር። «አባዬ፣ ፕሮግራም ሳስኬድ ይከብደዋል» አለች። «ይከብደው እንደሆነ ይዘገያል፤ ዩፒኤሱ ከሌለ ግን ይጠፋል» አልኋት። ካሰበች በኋላ ያስማማንን ነገር ያገኘችው ራሷ ናት፤ መሰኪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ወደፊት ገንዘብ ሲገኝ ማዘርቦርዱን ሳንነካ ፕሮሰሰሩን ብቻ መለወጥ እንችላለን። በምትኩም የራሙን ጉዳይ ለእርሷ ተውሁላት፤ ለእኔ 8 ጊጋባይት የሚበቃ ሲሆን፣ እርሷ ባለ 8 ሁለት አድርጋ 16 አስገባች።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ፊደል መናገር ይገባል። 12100 እና 12100ኤፍ የሚባሉ ሁለት ፕሮሰሰሮች አሉ። ኤፍ ያለበት ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሥዕል ማሳያ ክፍል በውስጡ ስለሌለው፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ሞኒተሩ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በአማርኛ «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ስለ ጊዜ፣ ሲጠብቅ ስለ በዓል ይናገራል፤ ጥብቀቱ ግን በጽሕፈት አይታይም። በፕሮሰሰሩ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ታትሞ ሳለ ሳያነበው ገዝቶ የሚያዝን ሰው ብዙ ነው።

ለማስቀመጫ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያዝን። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ስላለው በአውቶቡስ ጭነት መንገጫገጭንም ሆነ ድንገተኛ የመብራት መጥፋትን አይወድም፤ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን እየጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት ጽሑፍ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ለቅጂ የሚሆን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ጨመርንበት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷልና፣ ቅጂውን በኢንተርኔት ብቻ ማኖር አላስተማመነኝም። ልጄ ከፍታችን ለዲስኩ ያሰጋው እንደሆነ መመሪያውን አገላብጣ ነበር፤ መመሪያው እስከ 3048 ሜትር ይፈቅዳል፤ እንጅባራም ከ2500 ሜትር ጥቂት ብታልፍ ነው። ብርዱ ደግሞ ለፋኑ ረድኤት ስለሆነ ከፕሮሰሰሩ ጋር ከመጣው ሌላ ፋን አላስፈለገንም።

ኬዙን በተመለከተ ብዙ አልደከምንም። የወንድሜ ልጅ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ኬዝ ፎቶግራፍ ልኮልን ነበር። በየዓመቱ በጥር ወር የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያሸበረቀውን ኮርቻና መጣብር እኔም ቆሜ አደንቃለሁ፤ ፈረስ ሲገዛ ግን የሚታየው ጥርሱና ኮቴው ነው። ተራውን ጥቁር ኬዝ እንዲልክልን ነገርነው። ጠረጴዛውን እዚሁ ከቀርከሃ አሠራነው፤ ባለሙያው ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ሲደርቅ ይጨማደዳል ብሎ ጎረምሳውን ሁሉ እየለየ አስቀረው። ለግዕዝ ፊደል የተለየ ዕቃ መግዛት አላስፈለገም፤ ለአውኚ የሚያገለግሉት እንደ ጝ ያሉ ፊደላት ሳይቀሩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ገብተዋል።

ዕቃው በኅዳር መጨረሻ ደርሶ በአንድ ቅዳሜ ተገጣጠመ። የግራፊክስ ካርዱ መሰኪያ እስካሁን ባዶ ነው። በታኅሣሥ አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ይጮህ ጀመር፤ ልጄ ሰዓት ይዛ ቆጠረች፤ ጽሑፌን አስቀምጬ በሥርዓት ሳጠፋው ስድስት ደቂቃ አልሞላም ነበር። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና የተረፈው ኃይል አንድ አምፖል ያበራ እንደሆነ ጠየቀች። የ5 ዋት አምፖል ስለነበረ ገመድ ዘርግተን ሰካንላት፤ ወጡ እስኪወርድም በራላት።